ንብረት የሌለው፣ ሥልጣን ያለው ጉባኤ

በአገራችን የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ሥራ በአንድ ሐሳብ የሚመራ ብሔራዊ አካል ይቁም የሚለው ምክር ትናንት የተወለደ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 360 የኢትዮጵያ ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2003 ዓ.ም. ይኸው ባለሥልጣን ከቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ጋር ተጠቃሎ በመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ውስጥ ገባ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስቴሩ ራሱ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ተዋሕዶ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተባለ። ዘመናቱን ልብ ብሎ ለሚቈጥር ሰው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ስምንት ስምንት ዓመት ነው፤ ይህም ማለት አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ሥራውን አጥንቶ፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ተላምዶ ፍሬ ሊያፈራ በሚገባው ጊዜ ላይ ማኅተሙ ይለወጣል፣ በበሩ ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ይወርዳል፣ መዛግብቱም በካርቶን ታሽገው ወደ ሌላ ሕንፃ ይጓዛሉ ማለት ነው። የአሁኑ ሚኒስቴር ስምንተኛ ዓመቱን የሚደፍነው በ2019 ዓ.ም. ነውና፣ ነገሩን አስቀድሞ መነጋገር የተገባ ይመስለኛል።

ይህን የምለው በእነዚያ መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በጥቂት ደመወዝ ብዙ የደከሙ፣ ኮምፒውተር በአገሩ ብርቅ በነበረበት ዘመን የመንግሥትን መዝገብ ከወረቀት ለማውጣት ሌሊቱን ከቀን ሳይለዩ የሠሩ ትጉሃን ናቸው። ትጋት አልጎደለም፤ የጎደለው አንድ ጊዜ ተመክሮበት የተወሰነው ነገር ጸንቶ የሚኖርበት ማኅደር ነው። በእያንዳንዱ ፍርሰትና ምሥረታ ጥናቱ ይጠፋል፣ ውሳኔው በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ የሚያውቀው ሰው ይበተናል፣ አዲስ የተሾመውም ሹም ቀዳሚው የጀመረውን ከቍጥር ሳያገባ ሌላ ስትራቴጂ ያስጽፋል። ስለዚህ ለአገራችን የሚያስፈልጋት አራተኛ ስም የወጣለት ሚኒስቴር ነው ብዬ አላምንም። የሚያስፈልጋት፣ አንድም ሰርቨር የማይገዛ፣ አንድም ሶፍትዌር የማያሠራ፣ ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚገዙትና የሚያሠሩት እርስ በርሱ እንዲግባባ የማስገደድ ሥልጣን ያለው፣ በራሱ አዋጅ የቆመና ከሹም ሽር የተጠበቀ ብሔራዊ ጉባኤ ነው።

ጸንቶ የሚኖር ተቋም ማቆም ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር በተዘረጋ ሽቦ የመንግሥትን ቃል ማድረስ ከጀመረ በኋላ፣ የጣሊያን ወረራም መጥቶ ብዙውን ነገር አፍርሶ ከሄደ በኋላ፣ መንግሥት የመገናኛውን ጉዳይ ከዕለት ተዕለት ጥገና አውጥቶ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድን የራሱ ሒሳብና የራሱ አስተዳደር ያለው ተቋም አድርጎ በአዋጅ አቆመ። ከእርሱም ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተመሳሳይ ሥርዓት ተቋቁሞ ነበር። «ቴሌ» እና «አውራ ጎዳና» የሚሉት ስሞች መንግሥታት ከተለዋወጡ፣ መሥሪያ ቤቶቹም ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስማቸውን ከቀየሩ በኋላ እንኳ ከሕዝቡ አፍ ያልጠፉት፣ መሥራቾቹ ለአንድ ሹመት ዘመን ሳይሆን ለትውልድ አስበው ስለ ሠሯቸው ነው። በእነዚያ ተቋማት ውስጥ አንድ ወጣት በቴክኒሻንነት ገብቶ በዋና መሐንዲስነት ጡረታ ይወጣ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ዕውቀትም በወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእንደዚህ ያሉ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ይኖር ነበር። በእርግጥ ያን ጊዜ የነበረው ሥራ ሽቦ መዘርጋትና አስፋልት ማንጠፍ ነበርና አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊይዘው ይቻለው ነበር። የዛሬው ግን በሁሉም ቤት ውስጥ የገባ ነው፤ ስለዚህ ጽናቱን ከእነርሱ ወስደን ቅርጹን ለብቻው ልናስብለት ይገባል።

አንድ ዜጋ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲጓዝ በስንት ደጅ እንደሚያልፍ እንመልከት። የማንነቱ ምስክር ፋይዳ ነው፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተደንግጎ በብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም እጅ ይገኛል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማው ሥርወ ምስክርነት በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የተሰጠ ነው። ውሉንና ግብይቱን የሚገዛው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው። የግል መረጃውን ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተረክቧል። ገንዘቡ በቴሌብርም ይሁን በባንክ ሲተላለፍ የሚቈጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። እያንዳንዱ አዋጅ ለብቻው ሲነበብ በጎ ሐሳብ የያዘ ነው፤ እያንዳንዱም አካል የተሰጠውን ሥራ በሚገባ ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ «መረጃውን ስጡኝ» ሲል ሌላው «ልሰጥ አልተፈቀደልኝም» ያለ እንደ ሆነ፣ ወይም አንዱ ያወጣው ደረጃ ሌላው ቀድሞ በገዛው ሲስተም ላይ የማይሠራ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ሁለቱን ጠርቶ ሰምቶ የሚፈርድ አካል ማን እንደ ሆነ ዜጋው አያውቅም። የሚያውቀው መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚሰማውን ቃል ነው፤ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» የሚለውን።

የዚህ ዓይነቱ መለያየት ምን እንደሚያስከፍል ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው የፊደላችን ታሪክ ነው። ኮምፒውተር ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን በገባ ጊዜ ባለሙያዎች የሆኑ ኢትዮጵያውያን፣ በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ሆነው፣ የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ሶፍትዌሮችን ሠሩ፤ ፊደላችን ከአዲሱ ዘመን ደጅ ውጭ እንዳይቀር ያደረጉት እነርሱ ናቸውና ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም በጋራ የሚገዙበት ሥርዓት አስቀድሞ ስላልተዘጋጀላቸው፣ አንዱ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ቍጥር ላይ ሌላው ሌላ ሆሄ ያስቀምጥ ነበር፤ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በፍሎፒ ዲስክ ይዛ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ትወጣለች፤ በዚያ ያለው ኮምፒውተር ሌላ ሶፍትዌር ተጭኖበታልና አያነብላትም፤ ተመልሳ በወረቀት አትማ ትወስደዋለች፤ የላይኛው ክፍል ጸሐፊም ወረቀቱን ከጎኗ አስቀምጣ ከአርእስቱ እስከ ፊርማው ድረስ እንደ ገና ትመታዋለች። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ መንግሥት ገንዘብ በተገዙ ሁለት መሣሪያዎች መካከል መልእክቱን ያደረሰው ያው የጥንቱ ወረቀት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ የማይለወጥ ቍጥር በሰጠ ጊዜ መድኃኒቱ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ ደረጃ መውጣትና ደረጃ መፈጸም ሁለት ነገር ናቸውና፣ መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን ትተው ወደ አዲሱ እስኪሻገሩ ብዙ ዓመታት አለፉ። በመካከሉ የተጻፈው ጽሑፍ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከእርሱም ዛሬ ሊነበብ የማይችለው የትኛው እንደ ሆነ፣ የመንግሥትን ማኅደር የሚመረምር ሰው ሁሉ ሊያዝንበት የሚገባ ነገር ነው።

ያ ዘመን አለፈ ብንልም ሕመሙ መልኩን ቀይሮ በስማችን አጻጻፍ ላይ ተመልሷል። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ መጥተው አየሁ። ስማቸው ፀሐይ ነው፤ በአሮጌው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ በጸሎቱ «ጸ» ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ደግሞ በፀሐዩ «ፀ» ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ፈልጋ አጣቻቸው፤ በሦስተኛው «ሲስተሙ አያገኝዎትም እማማ፣ የተመዘገቡበትን ቀን የሚያስታውሱት ከሆነ ይንገሩኝ» አለቻቸው፤ ትሕትናዋ የሚመሰገን ነበር፣ ጥፋቱም የእርሷ አልነበረም። እኒህ እናት ወደ ባንክ ሲሄዱ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ቢያወጡ በሌላ ዓይነት ይጻፍ ይሆናል፤ ኃይለ ሥላሴ የተባለ ሰውም አንዱ መዝገብ አንድ ቃል አድርጎ፣ ሌላው ሁለት ቃል አድርጎ ሲጽፈው ሁለት ሰው ሆኖ ይቈጠራል። ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቍጥር መስጠቱ ለዚህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ቍጥሩ ገና ያልተጻፈባቸው የመሬት፣ የፍርድ ቤት፣ የጡረታና የትምህርት መዛግብት ከዚህ ቍጥር ጋር የሚገናኙት በስም ነውና፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚታዩበትን ደንብ አንድ አካል ወስኖ ለሁሉም ማዘዝ አለበት። ይህን ደንብ ገቢዎች ለብቻው፣ ኢሚግሬሽን ለብቻው፣ ባንኮችም ለየብቻቸው ሊያወጡት ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ ግን ደንቡ ራሱ እንደ አሮጌዎቹ ሶፍትዌሮች ይለያያል። የአፋን ኦሮሞ፣ የሶማልኛና የአፋርኛ ስሞችም፣ በላቲን ፊደል ከሚጻፉበት ሥርዓት ወደ ግዕዝ ፊደል ሲዛወሩ የሚደርስባቸው መበላሸት ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ስለ ወረዳኔትና ስለ ስኩልኔት ብዙ አልናገርም። ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ማገናኘት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማድረስ በጊዜው ትልቅ ድፍረትና ትልቅ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን መሣሪያውን የገዛው ሌላ፣ መብራቱን የሚሰጠው ሌላ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሌላ፣ መምህሩን የሚያሠለጥነው ሌላ ሆነና፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

አንድነት ንብረትን በአንድ እጅ ሳይሰበስቡ እንዴት እንደሚጸና ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያንና በጣና ደሴት ላይ ያለች ገዳም፣ በመካከላቸው ስልክም ፖስታም ባልነበረበት ዘመን፣ ጾመ ነነዌን በአንድ ሰኞ ይጀምሩ፣ ትንሣኤንም በአንድ እሑድ ያከብሩ ነበር፤ ይህም የሆነው ሁሉም በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራውን ባሕረ ሐሳብ አንድ አድርገው ስለ ተማሩ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ እንደሚሆኑ፣ ከመጥቅዑም መባጃ ሐመር እንደሚወጣ፣ በመባጃ ሐመሩም አጽዋማትና በዓላት እንደሚታወቁ የላስታው ሊቅም የጣናው ሊቅም እኩል ያውቃል። ደብሩ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ርስት፣ የራሱ ዕቃ ቤት አለው፤ ቀመሩ ግን የማንም ደብር ንብረት አይደለም፣ ማንም ደብር ደግሞ ሊለውጠው አይችልም። የምመኘው ብሔራዊ ጉባኤ ጠባዩ እንዲህ እንዲሆን ነው። ገቢዎች ሰርቨሩን ይያዝ፣ ባንኩም የራሱን፣ ጤና ሚኒስቴርም የራሱን፤ መዝገብ ከመዝገብ የሚነጋገርበት ቀመር ግን አንድ ይሁን፣ ጠባቂውም ይታወቅ።

ኤስቶንያ የምትባለው ትንሽ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ስትዘረጋ ያደረገችው ከዚህ ብዙ አይለይም። መዛግብቱን ወደ አንድ ግዙፍ ቤት አልሰበሰበቻቸውም፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን በቤቱ እንደ ያዘ፣ ሲጠየቅ ግን በታወቀ መንገድ፣ ማን እንደ ጠየቀም እየተመዘገበ እንዲመልስ አስገደደች። ከእኛ ቀረብ ያለችው ሩዋንዳ ደግሞ በዚሁ አቈጣጠር በ2001 ጀምራ እስከ 2020 የሚደርሱ አራት የአምስት የአምስት ዓመት ዕቅዶችን አከታትላ አወጣች፤ በእነዚያ ዓመታት ሥራውን የያዙት መሥሪያ ቤቶች ስማቸው ተለዋውጧል፣ የዕቅዱ ሰንሰለት ግን ሳይቈረጥ ቀጥሏል። የሚያስቈጨው፣ ሩዋንዳ የመጀመሪያውን ዕቅድ ስታዘጋጅ የረዳት መቀመጫው አዲስ አበባ ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መሆኑ ነው። የአፍሪካ ሚኒስትሮች እያንዳንዱ አገር ብሔራዊ የመረጃና የመገናኛ ዕቅድ እንዲያወጣ የሚጠይቀውን የአፍሪካ የመረጃ ማኅበረሰብ መርሐ ግብር የተቀበሉት በዚሁ ኮሚሽን ጉባኤ፣ በ1988 ዓ.ም. ነበር፤ እኛም ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈትነው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ጥር ነው። ምክሩ ከደጃችን ወጥቶ ኪጋሊ ላይ ሥር ሰደደ።

እንግዲህ ጉባኤው ሥልጣኑን ከምን ያገኛል? በእኔ እምነት ከገንዘብ ብቻ ነው የሚያገኘው። መክሮ የሚበተን ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤው ምንም ያህል ቢያምር፣ በጀት የያዘውን መሥሪያ ቤት ሊያዝዘው አይችልም፤ ባለሥልጣናት በየጊዜው ተገናኝተው መነጋገራቸው መልካም ቢሆንም፣ ከአዳራሹ ወጥተው የሚሄዱት እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው የግዢ ክፍል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሚኒስቴር ከመንግሥት ግምጃ ቤትም ሆነ ከውጭ ብድርና ዕርዳታ ለሚገዛ ለማናቸውም ትልቅ የመረጃ ሲስተም ክፍያ ከመፍቀዱ በፊት የጉባኤውን የምስክር ወረቀት እንዲጠይቅ በአዋጅ ይታዘዝ። ጉባኤው የሚመረምረው ጥቂት ነገር ነው፦ ሲስተሙ ከሌሎች የመንግሥት መዛግብት ጋር በታወቀው ደረጃ ይነጋገራልን? በግዕዝ ፊደልና ሥራው በሚሠራበት ክልል ቋንቋ ያገለግላልን? ውሉ ሲያበቃ መረጃው በእርግጥ በመንግሥት እጅ ይቀራልን፣ ወይስ ሻጩ ቍልፉን ይዞት ይሄዳል? ለጥገናውና ለሠራተኛው ሥልጠና ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሚበቃ ገንዘብ ተመድቧልን? የመጨረሻውን ጥያቄ እጅግ አጠብቃለሁ። በዕርዳታ የመጣ ብዙ ሲስተም ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ የሚሞተው፣ ሪባን የሚቈረጥበት ቀን እንጂ ባትሪው የሚያልቅበት ቀን ስለማይታሰብ ነው።

ከዚህ በቀር ጉባኤው ሌላ ሥራ እንዳይጨመርበት አጥብቄ እሻለሁ። ኦፕሬተሮችን የመቈጣጠር ሥራ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ዳኛው ከተጫዋቾቹ የተለየ መሆኑ ለገበያው አስፈላጊ ሆኗል። የደኅንነቱ ጥበቃም ባለቤት አለው። ጉባኤው ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ገዢ፣ ራሱ ጠባቂ ከሆነ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች እንደ ባላንጣ እንጂ እንደ ዳኛ አያዩትም፤ ከቀደሙት ሙከራዎች የምንማረው አንዱ ቁም ነገርም ይህ ነው፣ አስተባባሪው ፕሮጀክት አስፈጻሚ በሆነ ጊዜ የሚያስተባብርበት ፋታ ያጣልና።

አባላቱን በተመለከተ፣ የሚኒስትሮች ወንበር ብቻ ቢደረደር አይበቃም። ክልሎች የራሳቸው ቢሮና የራሳቸው ሥልጣን ያላቸው ናቸውና፣ በትእዛዝ ሳይሆን በስምምነት እንዲገቡ እያንዳንዱ ክልል መቀመጫና ድምፅ ይኑረው፤ መዝገቡ በመጨረሻ የሚገኘው በወረዳ ነው፣ ወረዳም የክልል ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የግል ሶፍትዌር ሠሪዎች፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው ዜጎች ማኅበራት፣ የቋንቋ ሊቃውንትም ይግቡበት። ነገር ግን የጉባኤው አስኳል ቋሚ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ምናልባት ከሃምሳ የማይበልጡ፣ በገበያው ከሚከፈለው ብዙ ያልራቀ ደመወዝ የሚያገኙ፣ ሹም በተለወጠ ቍጥር የማይለወጡ ባለሙያዎች፤ ሥራቸውም ደረጃዎችን መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያቱን መዝግቦ ማኖር፣ በየዓመቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ የሚነበብ ዘገባ ማቅረብ ይሁን። የጥንት ጸሐፊዎች የሻሩትንና የጨመሩትን በኅዳጉ ላይ ምልክት ያደርጉ እንደ ነበር፣ ይህም ጽሕፈት ቤት አሮጌው ደረጃ ለምን እንደ ተሻረ ለሚመጣው ሰው ጽፎ ማስቀመጥ አለበት።

አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች «ይህ ሌላ ደጅ መጥኛ መፍጠር ነው፤ አንድ ሆስፒታል የሕመምተኛ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማግባት ስድስት ወር ማኅተም ሲጠብቅ ሊኖር ነው» ይላሉ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ አገራችን ፈቃድ በመስጠት ስም ሥራ ሲያስቆሙ የኖሩ ጽሕፈት ቤቶችን በብዛት ታውቃለች። ስለዚህ አዋጁ የቀን ገደብ ያድርግበት፤ ጉባኤው በሠላሳ ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጦ ካልመለሰ ጥያቄው እንደ ተፈቀደ ይቈጠር። ትንንሽ ግዢዎችም ጭራሽ ወደ ጉባኤው አይምጡ፤ የወጣውን ደረጃ አንብቦ መከተል ይበቃቸዋል። ሌሎች ደግሞ ወጪውን ይጠቅሳሉ። ለእነርሱ የምመልሰው በአጭሩ ነው፤ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር በአራት መሥሪያ ቤቶች አራት ጊዜ ሲገዛ የሚፈስሰው ገንዘብ የሃምሳ ባለሙያ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት ይከፍላል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል፣ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ በደረሰው ኀዘንና ሁከት ምክንያት ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። ከዚያም በኋላ በትግራይ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ሕዝቡ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆየ፤ በውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ዓመት ያለፈበት ጊዜ ነበር። የአገር ጸጥታ ትልቅ ነገር መሆኑን አልዘነጋም። ነገር ግን ክፍያውን፣ መታወቂያውን፣ ሕክምናውንና ትምህርቱን በአንድ መረብ ላይ የሚያቆም መንግሥት፣ ያ መረብ ሲዘጋ ማን እንደ ዘጋው፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ እንደ ሆነ፣ ሆስፒታልና ባንክ እንዴት እንደሚተርፉ አስቀድሞ ተጽፎ እንዲታወቅ ማድረግ ይገባዋል። ጉባኤው የመዝጋትም ሆነ የመክፈት ሥልጣን ይኑረው አልልም፤ ይህን ደንብ የማርቀቅና ለምክር ቤት የማቅረብ ግዴታ ግን ይኑርበት፤ መረቡ በተዘጋ ጊዜም የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ ለሕዝብ ያስታውቅ። ይህ ካልሆነ፣ ነጋዴው በቴሌብር የሚቀበለውን ገንዘብ ካዝና ውስጥ እንዳለ ገንዘብ አድርጎ ሊያምነው አይችልም፤ እምነት ያላገኘ መሣሪያ ደግሞ በአዋጅ ብዛት አይስፋፋም።

ጉባኤው ቢቋቋም የመጀመሪያው ዓመት ሥራው ትንሽና የተለየ እንዲሆን እመክራለሁ። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉትን ሲስተሞች ሁሉ፣ ማን እንደ ሠራቸው፣ በስንት እንደ ተገዙ፣ ውላቸው መቼ እንደሚያበቃ፣ የትኛውን ፊደልና የትኛውን ቋንቋ እንደሚያነቡ በአንድ መዝገብ አስፍሮ ለሕዝብ ይግለጥ። የሰው ስም በኢትዮጵያ ቋንቋዎች እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚፈለግ ደረጃ ያውጣ፤ በዚህ ላይ የቋንቋ ምሁራንና የየክልሉ መዝጋቢዎች አንድ ላይ ይቀመጡ። ከዚያም የወሳኝ ኩነት መዝገብና ፋይዳ የሚነጋገሩበትን ደንብ ያጽና፤ ሕፃን ሲወለድ የሚጻፈው ቃልና ሰው ሲያድግ የሚሰጠው ቍጥር የአንድ ሰው ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸውና።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያሻም፤ ከኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከባንኮች የሚሰበሰቡ ባለሙያዎች በአንድ ፎቅ ላይ ሊጀምሩት ይችላሉ። ረቂቁ ለምክር ቤት በሚቀርብበት ጊዜ ግን አንዲት አንቀጽ እንድትገባበት እለምናለሁ፤ የፌዴራል መንግሥት አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ ወደ ፊት በተሻሻለ ቍጥር ጉባኤው በዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዳይሻር፣ ሊሻር ቢታሰብ እንኳ በራሱ ስም ተረቅቆ በቀረበ ሕግና ሕዝብ በሚሰማው ክርክር ብቻ እንዲሆን፣ ያወጣቸው ደረጃዎችና የያዛቸው መዛግብትም ተተኪያቸው በስም እስኪታወቅ ድረስ በሥራ ላይ እንዲቈዩ የምትደነግግ አንቀጽ።